መራቂው ማነው? የክብር ዶክትሬት ከአርሲ ሲታይ

በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅና ሐምሌ ሲገባ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ያስመርቃሉ። ጥቁር ገዋን የለበሰ ወጣት ሜዳውን ይሞላል፣ ወላጅ ከሩቅ አገር ሌሊት ተነሥቶ፣ አውቶብስ ተሳፍሮ፣ አበባ ይዞ ይመጣል። በአንዳንዱ ምርቃት ላይ ደግሞ ለየት ያለ ነገር አለ። በዚያ ግቢ አንድም ቀን ክፍል ገብተው የማያውቁ፣ ፈተና ያልተፈተኑ፣ ብዙ ጊዜም ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ወደ መድረክ ይጠራሉ። ገዋን ይለብሳሉ፣ ወረቀት ይቀበላሉ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከስማቸው ፊት «የክብር ዶክተር» የሚል ማዕረግ ይገባል።

በማግስቱ ማኅበራዊ ሚዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ሲያንሳቸው ነው!» ይላል። ሌላው «እኛ ስንት ዓመት ተንገላተን ያላገኘነውን በአንድ ቀን!» ብሎ ይቀልዳል። ክርክሩ ሁለት ቀን ይቆይና በሌላ አጀንዳ ይተካል። ሁለቱም ወገን ግን አንድ ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል፦ ለመሆኑ በዚያ መድረክ ላይ መራቂው ማነው? ተመራቂውስ?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። እስኪ ቃሉን ራሱን እንየው። በአማርኛ «ተመረቀ» ስንል ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው ትምህርቱን ጨርሶ ዲግሪ ያዘ ነው። ሁለተኛውና ቀዳሚው ደግሞ ምርቃት ተቀበለ፣ ሽማግሌ ወይም ካህን ወይም እናት «ያሳድግህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ» አሉት ነው። አርሲ ውስጥ በስፋት የሚነገረው ኦሮምኛም እንደዚሁ ነው። «ኤባ» ምርቃት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ሲያስመርቅም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ተመካክረው አይመስለኝም፤ ሁለቱም ግን ትምህርት መጨረስን ከታላቅ አፍ ከሚወጣ በረከት ጋር አንድ አድርገው አይተውታል።

ምርቃት ደግሞ አቅጣጫ አለው። ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። ታላቅ ይመርቃል፣ ታናሽ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ይላል። በክብር ዶክትሬት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዕድሜው 10 ወይም 50 ዓመት የሆነ ተቋም 70 ዓመት የኖሩ፣ ሕዝብ ያነጹ ሰውን «ይመርቃል»። ታናሹ ታላቁን ይመርቃል ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ክብር ከየት መጣ

የክብር ዲግሪ ታሪክ የሚጀምረው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም በማያስከብር ሁኔታ ነው። የመጀመሪያው ነው ተብሎ በአብዛኛው የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1470ዎቹ መጨረሻ ላይ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለሊዮኔል ውድቪል የሰጠው ነው። ውድቪል ማን ነበር? የንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ሚስት ወንድም፣ የንጉሡ አማች። ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ሆነ፣ ቀጥሎም ጳጳስ። ዩኒቨርሲቲው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰው ሳይፈልግ አልቀረም። እንግዲህ «ለፖለቲከኛ ዶክትሬት ሰጡ» የሚለው ሐሜት ከ500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ግን ሌላም መንገድ ነበረው። ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘውን አንድ ሰው ልጥቀስ። ሳሙኤል ጆንሰን የድሃ መጽሐፍ ነጋዴ ልጅ ነበር። ኦክስፎርድ ገብቶ 13 ወር ያህል ከቆየ በኋላ ገንዘብ አልቆበት ያለ ዲግሪ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1735 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ፖርቹጋላዊው ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነው። በ1759 ደግሞ «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ፤ ዋና ገጸ ባሕርይው የአቢሲኒያ ልዑል ነው። በእነዚህ መካከል፣ በጥቂት ረዳቶች ብቻ እየታገዘ፣ ለዓመታት የለፋበትን ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1755 አሳተመ። ያባረረው ድህነት ነበር፤ ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላቱ ሊወጣ ሲል የማስተርስ ማዕረግ ሰጠው። በ1765 የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም በ1775 ኦክስፎርድ ራሱ ዶክትሬት ጨመሩለት። ዛሬ ዓለም «ዶክተር ጆንሰን» እያለ የሚጠራው በእነዚህ የክብር ማዕረጎች ነው።

ጆንሰን በዚያው በ1755 ቼስተርፊልድ ለተባለ መኳንንት የጻፈው ደብዳቤ ታዋቂ ነው። ሰውዬው መዝገበ ቃላቱ ሲጀመር ፊቱን አዙሮ ነበር፤ ሥራው ሊታተም ሲል ግን በጋዜጣ ማሞገስ ጀመረ። ጆንሰን በጨዋ ቋንቋ፣ ግን በማያሻማ ሁኔታ፣ ድጋፍህ የምፈልገው ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለ መጣ አልፈልገውም አለው። ይህን «የዘገየ ክብር» ጉዳይ ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት የክብር ዲግሪ አለ። አንደኛው ዩኒቨርሲቲ ለሥልጣን የሚሰግድበት ነው። ሁለተኛው «ከግድግዳዬ ውጭ ዕውቀት አለ፣ እኔ ሳላስተምረው የተሠራ ዕውቀት» ብሎ የሚያምንበት ነው። የመጀመሪያው ማሞካሸት ነው። ሁለተኛው ግን ኑዛዜ ነው ማለት ይቻላል።

ገዋን ያልለበሱት ሊቃውንት

በእኛ ታሪክ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ያልነበራቸው፣ ግን ዩኒቨርሲቲዎችን ያስተማሩ ሰዎች አሉ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ ሂዮብ ሉዶልፍ ከተባለ ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተገናኙ፣ በ1652 ደግሞ ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ሄዱ። ሉዶልፍ የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስው፣ መዝገበ ቃላትና የኢትዮጵያ ታሪክ ያሳተመው ከእሳቸው አፍ የሰማውን ይዞ ነው። አውሮፓ «የኢትዮጵያ ጥናት አባት» ያለችው ሉዶልፍን ነው። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ። ሉዶልፍ ውለታቸውን አልካደም፤ ስማቸውን በመጽሐፉ ጠቅሷል። ማዕረግ ግን አልነበረም፤ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሰጥ ማዕረግ ገና አልታሰበም።

አገራችን የራሷ የማዕረግ ሥርዓት እንደነበራት አትርሱ። ቅኔ የተቀኘ፣ ዜማ ያወቀ፣ መጽሐፍ የተረጎመ ሰው መሪጌታ፣ ሊቀ ጠበብት፣ አለቃ ይባል ነበር። በአርሲም ሆነ በባሌ ሕግ አዋቂው፣ ነገር አስታራቂው ሽማግሌ ያለ ወረቀት ይታወቃል፤ በእስልምናውም ሼኹ የሚታወቁት ባስተማሯቸው ደረሶች ነው። ዕውቀት መቼም ያለ ክብር አልኖረም። አዲሱ ነገር ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ክብሩን በራሱ ማኅተም ማተም መጀመሩ ነው።

የዘመናዊው ማዕረግ ከኢትዮጵያ ጋር የተዋወቀው በላይኛው በር በኩል ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ መሪው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ቻንስለሩም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ግቢው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው።

እዚህ ጋ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የታገቱት ሹማምንት የተረሸኑት በዚሁ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ከሙከራው በኋላ የክብር ዘበኛ ሰዎች ተይዘው ታሰሩ። ከታሰሩት አንዱ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ወጣት ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ነበር። ጥላሁን ያደገው ወሊሶ፣ አያቱ ዘንድ ነው። ትምህርቱን ትቶ ለሙዚቃ ወደ አዲስ አበባ መጣ፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር ገባ፣ ከዚያ ክብር ዘበኛ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። ዓመታት አለፉ፣ ንጉሡም ደርግም ሄዱ፣ ቤተ መንግሥቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ያ ዩኒቨርሲቲ ነው ለጥላሁን የክብር ዶክትሬት የሰጠው። ያን የታኅሣሥ ደም ያየ ቤት በዚያው ሰበብ የታሰረውን ወጣት «ዶክተር» አለው። በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ሲያርፍ የአገር ቀብር ነው የተደረገለት።

ከጥላሁን ጋር በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተከበሩትን ሁለት ደራሲያንም አስቡ። ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ። ጣሊያንን ከራስ እምሩ ጋር ተዋጉ፣ ተማርከው ዓመታት በጣሊያን እስር ቤት አሳለፉ፣ ከዚያ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆኑ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከበደ ሚካኤል ደግሞ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ሼክስፒርን በአማርኛ ያስነበቡ፣ በ«ታሪክና ምሳሌ» ትውልድ ያሳደጉ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መጀመሪያ የተሸለሙትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱም የዩኒቨርሲቲውን ገዋን የለበሱት በስተእርጅና ነው። በመካከሉ ስንት ሺህ ተማሪ የእነሱን መጻሕፍት እያነበበ ተፈትኖ፣ እውነተኛውን ዲግሪ ይዞ ወጥቷል! ማን ማንን እንደመረቀ አሁን ማየት አያስቸግርም።

በኋላ በሩ ሰፋ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለአሊ ቢራ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለማሕሙድ አሕመድ ሰጡ። ማሕሙድ በልጅነቱ ሊስትሮ ነበር፤ የምሽት ክበብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ ነው ዘፋኞች የቀሩ ቀን ማይክ የጨበጠው። የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2012 በተማረበት በአሜሪካው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተከበረ። የክብር ዶክተር አበበች ጎበናንም አስታውሱ። በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በረሃብ ከተመታው ሕዝብ መሃል የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፣ ሁለቱ ሃያ ሆኑ፣ ሃያው በኋላ ለሺዎች የሚደርስ ድርጅት ሆነ። እሳቸው በየትኛው የትምህርት ክፍል ነው ዶክተር የሆኑት? ማኅበራዊ ሥራ? የሕዝብ ጤና? ለዚያ የሚሆን የትምህርት ክፍል የለም። የክብር ዶክትሬት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

አርሲ፦ ገዋን የሌለው አገር

አሁን ወደ አርሲ እንውጣ። ለምን አርሲ? ምክንያቱም ዩኒቨርሲቲ ሳይኖረው ዓለም ያወቃቸውን ሰዎች ያፈራ አገር ነው። አርሲ ዩኒቨርሲቲ አሰላ ላይ ራሱን ችሎ የተቋቋመው ገና በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የአቦምሳ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ሲደርሰው ሻንጣውን ይዞ ከዞኑ ይወጣ ነበር። አቦምሳ የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ «መርቲ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከቲማቲም ድልህና ከማርማላታ ጣሳ ላይ ነው፤ የአገሩ ስም በየወጥ ቤቱ ገብቷል፣ ሰዎቹን ግን ማንም አይጠራም። ከአቦምሳ ቆላማ አየር ወደ ጭላሎና ወደ በቆጂ ስትወጡ ደግሞ ብርዱ ይጠብቃችኋል፣ በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች።

ከዚያች ብርዳማ ከተማና ከአካባቢዋ ማን ወጣ? ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸነፈች። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ነበረች፤ አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ከታገደች በኋላ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችው ገና በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በ1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በዚያው ኦሎምፒክ የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ የነበረው፣ ደብተር እንደያዘ እጁን አጠፍ አድርጎ፣ የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ወርቁን ወሰደ። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው 4 የወርቅ ሜዳሊያዎች በሙሉ የሁለት ሰዎች ነበሩ፦ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ። ሁለቱም የበቆጂ ልጆች ናቸው።

ስለ እነዚህ ሰዎች ሲጻፍ «ተፈጥሮ ነው፣ ከፍታው ነው፣ ገብስና ወተቱ ነው» ይባላል። ከፍታ ያለው አገር ግን ብዙ ነው። በቆጂ ውስጥ ስንታየሁ እሸቱ የተባለ መምህር አለ። የተወለደው ሐረር ነው፣ በቆጂ የመጣው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስተማር ነው። ልጆች ሲሮጡ አየ፣ ሰዓት ያዘ፣ በባሕር ዛፉ ጫካ መሃል ማሠልጠን ጀመረ። ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ በልጅነታቸው በእሱ እጅ ነው ያለፉት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዘጋቢ ፊልም ከተማዋን «የሯጮች ከተማ» ብሎ የዓለም መነጋገሪያ አድርጓታል። ይህ ሰው የሚያውቀው ነገር፣ ማለትም የትኛው ልጅ መቼ እንደሚደክም፣ የትኛው መቼ መታረፍ እንዳለበት፣ ድሃ ቤተሰብ ሴት ልጁን ለልምምድ እንዲለቅ እንዴት እንደሚለመን፣ የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው የተጻፈው? ይህ ዕውቀት አይደለም የሚል ካለ ዕውቀት ምን እንደሆነ ሊነግረን ይገባል።

አርሲ ራሱ ደግሞ የራሱ የክብር ምልክት አለው። ሲንቄ የምትባለዋን ዘንግ ብዙዎቻችሁ ታውቁ ይሆናል። ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ናት። ተራ በትር አይደለችም። ሴቶች ሲንቄ ይዘው በተጣሉ ወንዶች መሃል ከቆሙ ጠቡ ይቆማል፤ አንዲት ሴት ከተበደለች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ በደሉ ካልተካሰ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። አሁን ከገዋን ጋር አስተያዩዋት። ገዋን የሚለበሰው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ሲንቄ የምትሰጠው ኃላፊነቱ ሲጀመር ነው። ገዋን «አድርገሻል» ይላል፣ ሲንቄ «አድርጊ» ትላለች። ሁለቱም ክብር ናቸው። አንደኛው ግን ሽልማት ብቻ ነው፣ ሌላው ሥልጣንም ነው።

አርሲ «አዋቂው ማነው?» የሚለውን ጥያቄ በኑሮውም አይቶታል። በ1960 ዓ.ም. ግድም አሰላን ማዕከሉ ያደረገ፣ በስዊድን መንግሥት የሚደገፍ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ፤ ሰው በአጭሩ «ካዱ» ይለዋል። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የተዳቀለ ላም አመጣ። የአርሲን ስንዴ ያየ ሰው ጥቅሙን አይክድም። ግን ምርቱ ሲጨምር መሬት ዋጋ አወጣ፣ ባለርስቱ ትራክተር አስገባ፣ ጭሰኛው ተፈናቀለ። ድርጅቱ የተቋቋመው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር፣ ከጥቅሙ ብዙውን የወሰደው ግን ሌላ ሆነ። ባለሙያው ስለ ዘሩ ያውቃል፤ ያ መሬት የማን እንደሆነ፣ ምርት ሲጨምር ማን እንደሚባረር ግን ጭሰኛው ያውቅ ነበር። ዕውቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲፈስ የሚመጣው ይህ ነው።

ተማሪዎቹ በበኩላቸው ይህን ሳያዩት አልቀሩም። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ይገደድ ነበር። ሊያስተምሩ ወጡ፣ ተምረው ተመለሱ። የገበሬውን ኑሮ በዓይናቸው አይተው የመጡት ልጆች ናቸው የመሬት ጥያቄን ካምፓስ ውስጥ ያቀጣጠሉት። ገበሬው ሳያስበው ዩኒቨርሲቲውን አስተማረ። ማንም ግን ገዋን አላለበሰውም።

ማዕረጉ ሲረክስ

እሺ፣ ሌላውን ወገንም እንስማ፤ የሚቀልደው ወገን ዝም ብሎ ምቀኛ አይደለም። የክብር ዲግሪ ሲበዛ ይረክሳል፣ ለሥልጣን ሲሰጥ ደግሞ ያሳፍራል። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1984 ለሮበርት ሙጋቤ የክብር ዲግሪ ሰጥቶ በ2007 መልሶ ነጠቀው። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመራቅ እንደ ኤም.አይ.ቲ. እና ኮርኔል ያሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የክብር ዶክትሬት የመስጠት ልማድ የላቸውም። በየአገሩም ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ «ዶክተር» የሚል ወረቀት የሚያድሉ ሐሰተኛ ተቋማት ሞልተዋል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር እንለይ። የማዕረጉ መርከስ የሚጎዳው ዶክትሬቱን በጥናት ያገኘውን ብቻ አይደለም፣ ይበልጥ የሚጎዳው በእውነት የሚገባውን ሰው ነው። አበበች ጎበናን ለመሰለ ሰው የተሰጠ ማዕረግ ለገንዘብ ወይም ለሹመት ከተሰጠው ጋር እኩል ሲጠራ፣ ሕዝቡ ሁለቱንም በአንድ ሣቅ ይሸኛቸዋል።

ትልቁ ችግር ግን መርከሱም አይመስለኝም። ትልቁ ችግር መዘግየቱ ነው፣ ያ የጆንሰን ነገር። ዩኒቨርሲቲ የሚያከብረው ሌላው ሕዝብ አክብሮ የጨረሰውን ሰው ነው። ጥላሁንን ለማወቅ ሴኔት አያስፈልግም፤ ሬዲዮ ያለው ሁሉ ያውቀው ነበር። ሐዲስን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገው ሌላው ያላየውን ለማየት ነው፤ ምርምር የተባለው ሥራም እኮ ይኸው ነው። ስለዚህ ከዝነኞቹ ጀርባ ያለውን መምህር፣ ከሜዳሊያው ጀርባ ያለውን አሠልጣኝ፣ ከታረቁት ጎሳዎች ጀርባ ያለችውን ባለ ሲንቄ ማየት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ታዋቂውን ማክበርማ ቴሌቪዥንም ይችላል።

ከገዋኑ በኋላ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መራቂው ማነው?

እኔ እንደሚመስለኝ የክብር ዶክትሬት ትርጉም የሚኖረው ዩኒቨርሲቲው ተመራቂው እሱ ራሱ እንደሆነ ሲያምን ነው። ታላቁ ሰው መድረክ ላይ ሲወጡ ገዋኑን የሚያለብሳቸው ተቋም በእውነት «ይመርቁኝ» እያላቸው ነው። ይህ ባዶ ትሕትና እንዳይሆን ግን ምርቃቱ ከአንድ ቀን ማለፍ አለበት። የተከበረው ሰው ከጭብጨባው በኋላ ወዴት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ ወደ ቤቱ። ሌላ ክፍል፣ ሌላ ጠረጴዛ፣ ሌላ የሚጠብቀው ተማሪ የለም። የሚያውቀው ነገር ድምፁ ሳይቀዳ፣ ሳይጻፍ፣ አብሮት ያረጃል። እንደ አባ ጎርጎርዮስ ያለ ሰው ያለ ሉዶልፍ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙንም አናውቀውም ነበር። ማዕረግ አላገኙም፣ ግን ተማሪ አገኙ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብትባሉ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ስለዚህ በሚቀጥለው ምርቃት ላይ አንድ ሰው ገዋን ሲለብስ «ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» ከማለት ይልቅ ሦስት ነገር ብንጠይቅ ይሻላል። አንደኛ፣ ይህን ሰው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ፈልጎ አገኘው ወይስ ዝናውን ተከትሎ መጣ? ሁለተኛ፣ የሠራው ሥራ ምን እንደሆነ በግልጽ ተነገረን ወይስ «ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» ብቻ ተባለ? ሦስተኛ፣ ከነገ ጀምሮ ተማሪዎች ከእሱ የሚማሩት ነገር ተዘጋጅቷል? ሦስቱም መልስ ካላቸው አጨብጭቡ። አንዱም ከሌለው ያ ሥነ ሥርዓት የፎቶ ፕሮግራም ነው።

ለአቦምሳ፣ ለአሰላ፣ ለበቆጂ ወጣት ደግሞ ይህ ከሥነ ሥርዓት በላይ ጉዳይ ነው። ገና ከ20 ዓመት ያልበለጠ ዩኒቨርሲቲ በአጠገባችሁ አለ። እናንተ ወይም ታናሾቻችሁ ገብታችሁ ትማሩበታላችሁ፣ ከእናንተም መምህር የሚሆን፣ ሴኔት ውስጥ የሚቀመጥ ይወጣል። ያን ቀን ማንን ለገዋን እንደምትጠሩ የሚወስነው ዛሬ ማንን እንደምታዩ ነው። በሰፈራችሁ 40 ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማሩት ወይዘሮ፣ ያለ ዳኛ ስንት የደም ነገር ያበረዱት ኦቦ፣ የትኛው ስንዴ በየትኛው ማሳ እንደሚሸሽ፣ ዝናብ ሲዘገይ ምን እንደሚዘራ የሚያውቁት አዛውንት አሉ። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ሄዳችሁ ቁጭ በሉና ጠይቋቸው። ሲጨርሱም መመረቃቸው አይቀርም፤ «አሜን» ማለቱን እንዳትረሱ።